ይቅር አልኩት፤ ወረቀቱን ግን አልፈረምኩም

“ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ይባላል። ለእኛ ለልብስ ሰፊዎች ይህ ተረት ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ እንጀራ ነው። ጎንደር ውስጥ ከገና ማግስት እስከ ከተራ እንቅልፍ የለንም። ጥር 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ 11 ቀሚስ ተቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። ነጭ ክር አለቀብኝና ወደ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ባጃጅ ገጨኝ።

የቆመ ሚኒባስ ሊያልፍ ብሎ በማይመለከተው በኩል ወጣ። እኔ የመንገዱን ጠርዝ ይዤ ነበር የምሄደው። ድምፁን እንጂ እሱን አላየሁትም። ከዚያ በኋላ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፌስታሉ ያመለጠ የክር ጥቅል አስፋልቱን ቁልቁል እየተተረተረ ሲንከባለል። “ክሬን! ክሬን!” እያልኩ ነበር አሉ። እግሬን አላልኩም።

ሾፌሩ ልጅ ነው። ሃያ ቢሞላው ነው። “እትዬ ይቅርታ፣ እትዬ በናትዎ” እያለ ከእኔ በላይ ይንቀጠቀጣል። እኔም እንደ ሀበሻ ወጉ “ደህና ነኝ፣ አይዞህ” አልኩት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። የሰው ደም ትኩስ እያለ ስብራት አይታወቅም። ደህና መሆን አለመሆናችንን የሚናገረው ሐኪም እንጂ እኛ አይደለንም።

ያዳነኝ አንድ ሊስትሮ ነው። ባጃጁ እንዳይሄድ ፊቱ ቆመና ትራፊክ ፖሊስ ጠራ። ትራፊኩ መጥቶ በሜትር ለካ፣ ጫማዬ የወደቀበትን ምልክት አደረገ፣ የሰው ስም መዘገበ። እኛ “ፕላን” የምንለው ይህ ነው። ያኔ “ምን ያደርግልኛል፣ ቤቴ አድርሱኝ” ብዬ ስቆጣው ነበር። ከዓመት በላይ ቆይቶ ፍርድ ቤት ውስጥ የተከሳሾቹ ጠበቃ “ሴትየዋ መሀል መንገድ ላይ ነው የገባችው” ሲል ያፉን የዘጋው ያ ፕላን ነው። ጫማዬ የተገኘው ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ ነበር። በዚያ ላይ ትራፊኩ በእጁ “ቀኝ ቁርጭምጭሚት ላይ እብጠት ይታያል” ብሎ ጽፏል። ይህች አንዲት መስመር በኋላ ምን ያህል ዋጋ እንዳወጣች አወራችኋለሁ።

ቤት ስገባ ጎረቤት ተሰበሰበ። ወጌሻ ይጠራ ተባለ። መጡ፤ በቅቤ አሹኝ፣ ጎትተው በሸምበቆ አሰሩኝ። ጩኸቴ እስከ ማዶ ተሰማ። ወጌሻን አልሰድብም፤ እናቴን ሁለት ጊዜ ያቆሟት እሳቸው ናቸው። ግን በሦስተኛው ቀን እግሬ ጠቆረ። ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ስነሳ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ብረት ገባልኝ።

እነዚያ ሁለት ቀናት ክርክሩ ላይ ጉድ አደረጉኝ። የተከሳሽ መልስ ምን እንደሚል ገምቱ፤ “ከሳሽ የተሰበረችው በወጌሻ እጅ ነው፣ በባጃጁ አይደለም።” ስሰማው ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ላብ አጠመቀኝ። ምክንያቱም ማስረጃዬ ሁሉ ከሦስተኛው ቀን ነው የሚጀምረው። የትራፊኩ መስመር ባትኖር ኖሮ ምን እመልስ ነበር? ሐኪሙም ቀርቦ ስብራቱ በቀጥታ ከተመታ እግር ላይ የሚታይ ዓይነት መሆኑን አስረዳልኝ። እናንተ ግን ዕድል አትጠብቁ። ወጌሻ ብትፈልጉ እንኳ መጀመሪያ ሆስፒታል ሂዱ፣ ራጅ ተነሱ፣ ካርዳችሁ ላይ “በተሽከርካሪ አደጋ” ተብሎ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣ። የንስሐ አባቴ፣ የሰፈራችን አንድ ጡረተኛ መምህር እና የባጃጁ ባለቤት አጎት ናቸው። ብርቱካንና ስኳር ይዘዋል። ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ።

“ልጄ” አሉኝ አባ፣ “እግዜር በነፍስሽ አወጣሽ። ልጁም ወዶ አላደረገው። ይቅር በይው።”

“አባ፣ የዚያኑ ቀን ይቅር ብዬዋለሁ።”

“እንዲያ ከሆነማ ጨረስን!” አለ አጎትየው። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከወረቀቱ ጋር 8,000 ብር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ለእስክሪብቶው ተዘርግቶ ነበር። የሱቅ ኪራይ አለብኝ። ሳልሰፋ የቀሩ ቀሚሶች ቀብድ እየተመለሰ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ናት ወረቀቱን ቀድማ ያነሳችው። ጮክ ብላ አነበበችው፤ “ስለ ደረሰብኝ ጉዳት ብር 8,000 ተቀብዬ ስለታረቅሁ ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት የመብት ጥያቄ የለኝም።” ከዚያ ቀና አለች። “እማዬ፣ ‘ምንም ዓይነት’ ነው የሚለው።”

“አባ” አልኩ፣ “ልጁን ይቅር ብዬዋለሁ። ይህን ወረቀት ግን ሐኪሙ ትሄጃለሽ ወይ አትሄጂም ሳይለኝ አልፈርምም።”

ቤቱ ቀዘቀዘ። መምህሩ ዝም አሉ። አጎትየው “ነገሩ የገንዘብ ነው ለካ” አለ። አባ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ከስብራቱ ይልቅ ያ አመመኝ። በእኛ አገር ካሳ የሚጠይቅ ሰው ቂመኛ ነው፣ ወይም ስግብግብ ነው። ይቅርታ ከልብ ይመጣል፣ የሆስፒታል ደረሰኝ ግን በይቅርታ አይከፈልም። ይህን ለማስረዳት ዓመት ፈጀብኝ።

በኋላ እንደተማርኩት ያን ወረቀት ፈርሜ ቢሆን ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። የእርቅ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ለሽማግሌ ክብር ብላችሁ ብትፈርሙ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢመጣባችሁ የምትሉት የላችሁም። እኔ ላይ መጣብኝ። ብረቱ ተላቆ እንደገና ተከፈትኩ።

ለክሱ ብር አልነበረኝም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ማዕከል አለው። በክራንች እየተደገፍኩ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ተቀበለችኝ። እኔ ስለ ልጁ ሾፌር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት። ጨርሼ ዝም ስል “እትዬ፣ ባጃጁ የማን ነው?” አለችኝ።

እኔ ልጁን ብቻ ነበር የማስበው። ልጁ ምን አለው? በሰው ባጃጅ የሚሠራ ምስኪን ነው። እንዲያውም የባጃጁ መደበኛ ሾፌር ሌላ ነው፤ ምሳ ሊበላ ሲገባ “ትንሽ ሥራበት” ብሎ ለጓደኛው፣ ለገጨኝ ልጅ፣ ነው የሰጠው። ባለቤቱም ይህንን ይዞ ቀረበ። “ይህን ልጅ አላውቀውም፣ ንዳ አላልኩትም” አለ። እውነቱን ነው፤ አያውቀውም።

ሕጉ ግን አይለቀውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መኪናና ስለ ሞተር ተሽከርካሪ የሚናገርበት ቁጥር 2081 አለ። የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። የሚያመልጠው ተሽከርካሪው በወቅቱ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ጥፋቱን ማስረዳት እንኳ አይጠበቅባችሁም። ይህን የነገረችኝ ቀን ክራንቹ የቀለለኝ መሰለኝ። ስለዚህ አደጋ ሲደርስባችሁ የሾፌሩን ፊት ብቻ አትዩ። ታርጋውን ያዙ። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አጣሩ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ፎቶ አንሱ።

ስለ ኢንሹራንሱ ካነሳሁ አይቀር። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ ገጪው ጠፋ ብላችሁ ዝም አትበሉ። የኔ አደጋ ጊዜ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። የመኪና በር ከሰው እግር በለጠ። ጣሪያው የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ዋናው ነገር የኢንሹራንሱ ጣሪያ የመብታችሁ ጣሪያ አይደለም። ከዚያ የተረፈውን ባለቤቱ ነው የሚከፍለው። ኢንሹራንስ ከፍሎኛል ብለው የሚተዉ ብዙ ሰዎች አሉ።

ደግሞ ይርጋ አለ። ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚቀርብ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈው ይታገዳል፤ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ ረዥሙ ነው የሚታየው፤ እናንተ ግን በዚያ ተማምናችሁ አትተኙ። ሽምግልና ጥሩ ነው፣ ግን ቀን ይበላል። “ከፋሲካ በኋላ”፣ “ክረምቱ ይውጣ” ሲባል ሁለት ዓመት እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። እኔ ጥቅምት 2011 ላይ ፋይል ከፈትኩ።

የወንጀሉ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። በቸልተኝነት አካል ማጉደል በሚል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 559 ተከሶ ልጁ ጥፋተኛ ተባለ። እኔም ቀርቤ ይቅር እንዳልኩት ተናግሬ ቅጣቱ ቀለለት። ነፃ ቢወጣም ኖሮ የካሳ ክሴ አይወድቅም ነበር። የፍትሐ ብሔር ዳኛ የወንጀል ችሎቱ ነፃ ማለቱ አያስረውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ገቢዬን ማስረዳት።

እኔ ያኔ “ሐ” የሚባለው የትንሽ ነጋዴ ደረጃ ግብር ከፋይ ነበርኩ። መዝገብ አልይዝም ነበር። ገማቾች መጥተው የቀን ገቢዬን ይገምቱ ነበር። የመጡ ቀን ምን እንዳደረግሁ የንግድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱን የስፌት መኪና በጨርቅ ሸፍኜ “ተበላሽቷል” አልኩ። “ገበያ የለም ልጆቼ፣ ለወሬ ነው የምከፍተው” አልኩ። በቀን 150 ብር ተገመተልኝ። ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ደግሞ “በቀን በአማካይ 350 ብር አገኝ ነበር” አልኩ። ጠበቃቸው ፈገግ አለና ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ ለዳኛው ሰጠ። 150። ዳኛው ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። “ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?” አሉኝ። ወለሉን አየሁ። ያኔ በመቶዎች ያተረፍኩት ግብር በሺዎች የሚቆጠር ካሳ በላብኝ።

ብልህ ብሆን ኖሮ የትዕዛዝ ደብተሬን እይዝ ነበር። የደንበኛ ስም፣ ልክ፣ ዋጋ፣ ቀብድ ሁሉ የሚጻፍበት ደብተር ነበረኝ። ተኝቼ በከረምኩበት ጊዜ ልጆች ሥዕል ሳሉበት፣ ገጹም ለከሰል ማቀጣጠያ ሄደ። ደረሰኝም እንደዚያው። ካወጣሁት ውስጥ ፍርድ ቤቱ የተቀበለው 24,200 ብሩን ብቻ ነው። የታክሲ፣ የወጌሻ፣ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ የተገዛ መድኃኒት ሁሉ ቀረ። አንድ ፌስታል አዘጋጁ። የአደጋ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይግባ፣ የራጁ ፊልም ሳይቀር።

አንድ ነገር ግን ደህና አድርገን አስረዳን። የሕክምና ቦርዱ 15 በመቶ ቋሚ ጉዳት ጽፏል። ጠበቃቸው “15 በመቶ ማለት ትንሽ ማንከስ ነው፣ ስፌት በእጅ ነው የሚሠራው” አለ። ከነፃ የሕግ ድጋፉ የቆመችልኝ ልጅ ግን ቀድማ አስባበታለች። የሱቅ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊ ምስክር አድርጋ ጠርታዋለች።

“ፔዳሉን የሚረግጠው የትኛው እግር ነው?” ተብሎ ተጠየቀ።

ሰውየው በቃል አልመለሰም። ችሎት ፊት ቀኝ ተረከዙን መሬት አስደግፎ የእግሩን ፊት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው። “ፍጥነቱን የምንቆጣጠረው በዚህ ነው” አለ። “ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ጥልፉ ይዘላል። እሷ አሁን በግራዋ ነው የምትረግጠው። እኔ በቀን የምጨርሰውን ቀሚስ እሷ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅባታል።” ከመቶኛው ቁጥር ይልቅ ዳኛው የጻፉት ይህን ይመስለኛል። ጉዳታችሁን በሥራችሁ ቋንቋ አስረዱ። ሾፌር ከሆናችሁ ፍሬኑን፣ ጋጋሪ ከሆናችሁ ምጣዱን።

ፍርዱ ሰኔ 2011 ተሰጠ። ለሕክምና 24,200፤ ከሥራ ውጭ ለሆንኩባቸው 234 የሥራ ቀናት በ150 ሒሳብ 35,100፤ ለወደፊት ለሚቀንስ ገቢ በርትዕ፣ ማለትም በዳኛው ሚዛናዊ ግምት፣ 70,000፤ ለሞራል 1,000 ብር። ድምር 130,300። የሞራሉ ሺህ ብር ዳኛው ንፉግ ሆነው አይደለም። ሕጉ በቁጥር 2116 ከሺህ ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. ሺህ ብር ሲጻፍ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ለጥምቀት ስሰፋ ያመለጠኝን እንቅልፍ እንኳ አይገዛም ዛሬ።

ኢንሹራንሱ ብዙም ሳያጉላላ 40,000ውን ከፈለ። ለባለቤቱ 90,300 ቀረ። አልከፍልም አላለም፤ ዝም አለ። እዚህ ላይ ቀድመን ያደረግነው ነገር ጠቀመን። ክሱን ስንመሠርት ባጃጁ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር እግድ ጠይቀን ተሰጥቶናል። እግድ ባይኖር ኖሮ ፍርድ ይዤ ባዶ እጄን እቀር ነበር። የአፈጻጸም ፋይል ከፈትኩ። ባጃጁ ሊሸጥ ነው ሲባል ዝምታው ተሰበረ።

ሽማግሌ መጣ። እነዚያው ሦስቱ። በዚህ ጊዜ ብርቱካን የለም።

“ባጃጁ ከተሸጠ አምስት ነፍስ ይራባል” አሉኝ አባ። “የተፈረደልሽን አትተይ። ግን ቀስ ብሎ ይክፈል።”

ይህኛው ሽምግልና ልክ ነበር። የጉዳቴ መጠን ታውቋል፣ ቁጥሩ ተጽፏል፣ የሚቀረው አከፋፈሉ ነው። ተስማማን። መጀመሪያ 20,000፣ ከዚያ በወር 5,000። ይህን ስምምነት ደግሞ በቤት ወረቀት አላደረግነውም፤ ለችሎቱ አቅርበን አስመዘገብነው። መምህሩ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው “ያን ጊዜ ልጅሽ ባታነበው ኖሮ እኛ ነን የምንጎዳሽ” አሉኝ። አጎትየው ምንም አላለኝም።

14 ወር ነበር የታሰበው። በኮሮና ሰሞን የባጃጅ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለት ወር አልከፈለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የመጨረሻዋን 5,300 ብር ራሱ ባለቤቱ ሱቄ ድረስ አመጣት። ቆጠርኩ፣ ደረሰኝ ጻፍኩለት። “እግዱስ?” አለኝ። ረስቼው ነበር። ክፍያ ሲያልቅ እግዱ በራሱ አይነሳም፤ ማመልከቻ ይፈልጋል። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ የፍርድ ቤቱን ደረጃ በግራ እግሬ እየቀደምኩ ወጣሁና አስነሳሁለት።